ባሕሩ ቀጠሮ አለው፦ የሜይንን የዓሣ አጥማጅ መንደሮችና የመብራት ማማዎች በመኪና እንዴት እንደምንጎበኝ

ከቦስተን ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው በሁለት ሰዓት ገደማ፣ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ባለው የሜይን ግዛት የምትገኘው ፖርትላንድ ይገባል። ከዚያ በኋላ ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩትን ስሕተት እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ ሠርቻለሁ፦ ቁጥር 1 የተባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ወደ ምሥራቅ ገሰገስኩ። ቀኑን ሙሉ ነድቼ ያየሁት የነዳጅ ማደያ፣ የገበያ አዳራሽና የመኪና ሰልፍ ነበር። ባሕሩን ያገኘሁት ድልድይ ስሻገር ብቻ ነው። ማታ ሆቴል ገብቼ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋው ነገሩ ገባኝ።

የሜይን ዳርቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀጥታ ቢለካ 230 ማይል ያህል ነው። ውኃው የሚገባበትን እጥፋትና ደሴት ሁሉ ተከትሎ ሲለካ ግን 3,478 ማይል ይሆናል። መሬቱ እንደ እጅ ጣቶች ተዘርግቶ ባሕሩ በየመካከሉ ገብቷል። አውራ ጎዳናው የሚያልፈው በመዳፉ ላይ ሲሆን፣ መንደሮቹና ሌሊት ለመርከብ መንገድ የሚያመላክቱት የመብራት ማማዎች ያሉት በጣቶቹ ጫፍ ላይ ነው። የሰሜንን ተራሮች ወይም የዓባይን ሸለቆ የሚያውቅ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። የማዶው መንደር የዶሮው ጩኸት እየተሰማ፣ ለመድረስ ግን ወርዶ መውጣቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እዚህ በገደሉ ቦታ ውኃ ተኝቷል።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ቤተሰቤንም፣ ከዋሽንግተን የመጡ እንግዶችንም ወስጃለሁ። የምጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ነው። ቀኖቹን በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ።

1. ወቅቱን ምረጡ

በጁንና በጁላይ ቀኑ ረጅም ነው፤ ጉሙ ግን አይጣል ነው። ከደቡብ የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛው ባሕር ላይ ሲያርፍ ወደ ጉም ይለወጣል። ሃያ ማይል ወደ ውስጥ ፀሐይ እያቃጠለች፣ ዳርቻው ላይ ከመኪናችሁ አፍንጫ ፊት ያለውን ማየት ሊያቅታችሁ ይችላል።

ኦገስት ሰው የሚበዛበትና ማደሪያ የሚወደድበት ወር ነው። ይሁን እንጂ ለጿሚ ሰው አንድ በረከት አለው። የሜይን የዱር ብሉቤሪ የሚለቀመው በዚሁ ወር ነውና ከኦገስት 7 እስከ 21 ከሚጾመው ጾመ ፍልሰታ ጋር ይገጥማል። ከኤልስዎርዝ በስተምሥራቅ፣ በቼሪፊልድና በማቻያስ አካባቢ ቁጥቋጦው ከቁርጭምጭሚት ብዙም ሳይበልጥ ሜዳውን ሸፍኖት ታያላችሁ። በመንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ በሣጥን ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ ሻጭ የለም፣ ገንዘቡን ሣጥኑ አጠገብ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ጥሎ መሄድ ነው። ስለዚህ ዝርዝር ብር ያዙ። ፍሬው ከሱቁ ብሉቤሪ ያነሰ ነው፤ ጣዕሙ ግን እጅግ የበለጠ ነው። ብሉቤሪ ያለበትን ኬክ ግን ጿሚ ሰው ይተወው፤ ቅቤና እንቁላል ይገባበታል።

የእኔ ምርጫ ሴፕቴምበር ነው። እንቁጣጣሽን ካከበራችሁ በኋላ ባለው ቅዳሜና እሑድ ብትነሡ ጉሙ ቀንሶ፣ የጎብኚው ግርግርም ቀዝቅዞ ታገኙታላችሁ። በዓመት አንድ ቀን ብዙ ማማዎች በራቸውን ለሕዝብ የሚከፍቱበት የሜይን የመብራት ማማዎች ቀንም የሚውለው በዚሁ ወር ነው፤ ቀኑ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ በትንንሾቹ መንደሮች ማደሪያውም ምግብ ቤቱም በአብዛኛው ይዘጋል።

2. ለአንድ ቀን አንድ ጣት

ይህ ከመመሪያው ሁሉ የሚበልጠው ነው። ካርታ ላይ ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት የጣት ጫፎችን በአንድ ጠዋት ለማየት አታቅዱ። ፔማክዊድ ፖይንትንና ፖርት ክላይድን ውሰዱ። በመካከላቸው ያለው ባሕር ለጀልባ ቅርብ ነው። በመኪና ግን ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ፣ ተጉዞ፣ እንደገና መውረድ ስለሚያስፈልግ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ሲመሽም ሚዳቋና ሙዝ የተባለው ግዙፍ አጋዘን ይሻገርበታል። ሙዝ እግሩ ረጅም ስለሆነ የመኪና መብራት ዓይኑን አያገኘውም፤ ሲገጩትም ገላው በቀጥታ መስታወቱ ላይ ይወድቃል። ከመሸ በኋላ ፍጥነት ቀንሱ።

ለአራት ቀን ጉዞ የምመክረው አከፋፈል እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ለፔማክዊድና ለኒው ሃርበር፤ ሁለተኛው ለፖርት ክላይድና ለሮክላንድ፤ ሦስተኛው ለስቶኒንግተን፤ አራተኛው ለሉቤክ። ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ የመጀመሪያውን ውሰዱና ሌላውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

3. የባሕሩን ሰዓት አንብቡ

ብዙዎቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው። ስለ ውኃ አደጋ ስናስብ የሚመጣብን ደራሽ ጎርፍ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ አገር በዘነበ ዝናብ ድንገት የሚመጣ። የባሕሩ ጠባይ ከዚህ ይለያል። ባሕሩ ቀጠሮ አለው፤ ሰዓቱና መጠኑ ከዓመት በፊት ታትሞ ይወጣል። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ውኃው ከስድስት ሰዓት በላይ ትንሽ ደቂቃዎች ሲሞላ ይቆይና፣ ያንኑ ያህል ጊዜ ደግሞ ሲሸሽ ይቆያል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከቀኑ 6 ሰዓት የሞላ ባሕር ነገ በተመሳሳይ ወቅት የሚሞላው 6 ሰዓት ከ50 ገደማ ይሆናል።

ፖርትላንድ ላይ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሜትር ያህል ነው። ወደ ምሥራቅ በሄዳችሁ ቁጥር ይጨምርና ሉቤክ ላይ ስድስት ሜትር ይደርሳል። ጠዋት ከእግራችሁ ትይዩ የነበረው የጀልባ ወለል ከሰዓት በኋላ ከጉድጓድ አፍ ቁልቁል እንደሚታይ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የሰዓት ሠንጠረዡን በስልካችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፤ በየወደቡ አካባቢ ባሉ ሱቆችም የታተመ ይገኛል። ስታነቡ ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ ሠንጠረዡ የምትሄዱበት ወደብ መሆኑን፣ የዛሬው ቀን መሆኑንና ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር መጻፉን። ሦስተኛውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። እኛ ቤት ውስጥ በአገራችን ሰዓት ስለምንነጋገር፣ እኔ «ስድስት ሰዓት ላይ ይሸሻል» ያልኩትን ባለቤቴ ቀትር ብላ ሰምታው ታውቃለች።

የደረሰብንን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት ከልጆቼ ጋር በእግር ወደተሻገርንባት አንዲት ትንሽ ደሴት ወጥተን ነበር። ስንሄድ መሬቱ ደረቅ ጠጠር ነው፤ ልጆቹ ቀንድ አውጣ እየለቀሙ ተሻገሩ። ሠንጠረዡን አይቼ ነበር፤ ያየሁት ግን የማግሥቱን ነው። ስንመለስ መንገዱ በሁለት ቦታ ተቆርጦ ውኃ ተኝቶበታል። ትንሿን አዝዬ፣ ትልቁን በእጄ ይዤ ተሻገርኩ፤ ውኃው ጉልበቴ ላይ ደረሰ። ያን ቅዝቃዜ አልረሳውም። በዚያ ዳርቻ ውኃው በኦገስት እንኳ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አይዘልም፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እግሬ መሬት መርገጡን አላውቅም ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮ መሻገር ባልቻልንም።

ስለዚህ ባሕሩ ሲሸሽ ወደሚገለጥ መሬት የምትሻገሩ ከሆነ፣ ውኃው ዝቅ ከሚልበት ሰዓት በፊት ገብታችሁ፣ ሰዓቱ ሲደርስ መመለስ ጀምሩ። ባር ሃርበር ከተማ ፊት ለፊት ወዳለችው ባር ደሴት የሚወስደው መሬት የሚገለጠው ውኃው እጅግ ከሚሸሽበት ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል በፊትና አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ብቻ ነው። እዚያ አሸዋው ላይ መኪና አቁመው ሄደው፣ ሲመለሱ ጣሪያው ብቻ የታያቸው ሰዎች አሉ።

4. መኪናውንና ስንቁን አዘጋጁ

ከመነሣታችሁ በፊት ካርታውን ስልካችሁ ላይ ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አውርዱት፤ በጣቶቹ ጫፍ ላይ ስልክ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ከኤልስዎርዝ በኋላ የነዳጅ ማደያ ስለሚሳሳ ግማሽ ታንክ ሲቀራችሁ ሙሉ። በጉም ውስጥ ስትነዱ ዝቅተኛውን መብራት ተጠቀሙ፤ ረጅሙ መብራት ጉሙ ላይ ነጥሮ ተመልሶ ዓይናችሁን ያጥበረብራል።

ጫማ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን። በኦገስትም ቢሆን ጃኬት ያዙ። በሣር መካከል ከተራመዳችሁ ማታ የልጆቹን እግርና ብብት ተመልከቱ፤ ላይም የተባለውን በሽታ የምታስተላልፍ ደቃቅ መዥገር በሜይን በብዛት አለች።

ስንቅን በተመለከተ፣ ዳርቻው የሚታወቀው ሎብስተር በተባለው ባለ መቆንጠጫ የባሕር ፍጥረት ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት የማይበላ ቤተሰብ ግን ጦሙን አያድርም፤ ሃዶክ የተባለ ነጭ ዓሣ በየምግብ ቤቱ አለ። ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው፣ ዓሣው የሚጠበስበት ዘይት ሽሪምፕና ክላም የመሳሰሉት የባሕር ፍጥረታት ከሚጠበሱበት ጋር አንድ መሆኑን ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። በምድጃ የተጋገረውን ማዘዝ ይሻላል። ሁለተኛው ቻውደር ስለሚባለው ሾርባ ነው፤ ወተት ከመግባቱ በላይ ብዙዎች የአሳማ ሥጋ ይጨምሩበታል። እኔ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ በቴርሞስም ሻይ ሳልይዝ አልወጣም። ንፋስ በሚነፍስበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትኩስ ሻይ የመጠጣትን ያህል ደስ የሚለኝ ነገር ጥቂት ነው።

5. የመጀመሪያው ቀን፦ ፔማክዊድ

ከፖርትላንድ በማለዳ ተነሡ። ዳማሪስኮታ ከተማ ስትደርሱ ከአውራ ጎዳናው ውረዱና ቁጥር 130ን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። መንገዱ የሚያልቀው ማማው ግቢ ውስጥ ነው። በወቅቱ መጠነኛ የመግቢያ ክፍያ አለ።

ይህ ማማ መጀመሪያ የተሠራው በ1827 ነው። ግንበኛው ኖራውን በጨው ውኃ አቡክቶት ነበርና ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። በ1835 እንደገና ሲሠራ ጣፋጭ ውኃ ብቻ እንዲጠቀሙ በውሉ ላይ ተጻፈ፤ ዛሬ የምታዩት ያን ጊዜ የቆመው ነው። በ2003 ሜይንን ወክሎ በወጣው የሃያ አምስት ሳንቲም ጀርባ ላይ የተቀረጸውም እርሱ ስለሆነ ኪሳችሁ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሳንቲሙን አውጥታችሁ ለልጆቹ አሳዩአቸው፤ ማማውን ሲያዩ ወዲያው ይለዩታል።

በጎ ፈቃደኞች ባሉበት ጊዜ ጠመዝማዛውን ደረጃ ወጥቶ መስታወቱን በቅርብ ማየት ይቻላል። ጊዜ ሰጥታችሁ እዩት። ፈረንሳዊው ኦጉስታን ፍሬኔል በ1820ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው ዘዴ የተሠራ ነው። አንድ ወፍራም ብርጭቆ በመሥራት ፈንታ ብዙ ቀጫጭን የብርጭቆ ቀለበቶች ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ቀለበት ወደ ላይና ወደ ታች ሊባክን የነበረውን ብርሃን አጥፎ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ይልከዋል። በውስጡ ያለው አምፖል ያን ያህል ትልቅ አይደለም። ፊታችሁን ስታስጠጉ ቀለበቶቹ ባሕሩን ገልብጠው ያሳዩአችኋል፤ ሰማዩ ከታች፣ ውኃው ከላይ።

ከማማው በታች ያለው ድንጋይ ጥቁርና ነጭ መስመር እየሠራ እንደተጠቀለለ ሸማ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ውበቱ ሰውን እየሳበ ያስጠጋዋል፤ አደጋውም ይኸው ነው። ማዕበል ሁሉ እኩል አይደለም። አሥር ትንንሽ ከመጡ በኋላ አንድ ትልቅ ይመጣና ደረቅ የነበረውን ድንጋይ ጠርጎ ይመለሳል፤ እዚህ ሰው ተወስዷል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ድንጋዩ እርጥብ ከሆነ ማዕበል ደርሶበታልና ከእርሱ በላይ ቁሙ። የባሕር አረም ያጠቆረውን ድንጋይ አትርገጡ፤ ከሳሙና ይብሳል። ጀርባችሁን ለባሕሩ ሰጥታችሁ ፎቶግራፍ አትነሡ። ልጆችን ከእጃችሁ አትልቀቁ። በጃንዋሪ 2024 በሦስት ቀን ልዩነት በመጡት ሁለት ማዕበሎች ከማማው አጠገብ ያለው የደወል ቤት ግድግዳ ተናደ፤ የውኃውን ጉልበት ከዚያ መገመት ይቻላል።

ከሰዓት በኋላ ጥቂት ማይል ተመልሳችሁ ወደ ኒው ሃርበር ውረዱ። ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀልባዎቹ ያጠመዱትን ይዘው ይገባሉ። ስለ አካሄዱ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

6. ወደቡ የሰው መሥሪያ ቤት ነው

የሜይን ዓሣ አጥማጅ ከንጋቱ በፊት በ10 ወይም በ11 ሰዓት ይነሣል። በፒክአፕ መኪናው ለወጥመድ ማባበያ የሚሆን ጨው የተነሰነሰበት ዓሣ ጭኖ ወደ ውኃው ዳር ይመጣና፣ ወደ ኋላ ነድቶ ያራግፋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መኪናችሁን የጀልባ መጠጊያው ላይም ሆነ ወደ እርሱ በሚወስደው ቁልቁለት አታቁሙ። ባዶ ቢመስልም ባለቤት አለው። በየመንደሩ ለእንግዳ የተከለለ ማቆሚያ ወይም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሰፊ ቦታ አይጠፋም፤ ካጣችሁ ሱቅ ገብታችሁ ጠይቁ። «የት ባቆም አላስቸግርም?» የሚል ጥያቄ ሰዉን ወዲያው ያለዝበዋል።

የተቆለሉ ወጥመዶችን፣ ገመድንና ተንሳፋፊዎችን አትንኩ፤ ለፎቶግራፍ ብላችሁ ልጅ አታስቀምጡባቸው። በባሕር ላይ ያለ የሌላ ሰው ወጥመድ መንካት በሕግ የሚያስቀጣ ነው፤ በመሬት ያለውም ቢሆን ንብረት ነው። የሰው ፊት ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

ሥራውን ለማየት ግን ከዳር መቆም ይበቃል። የማየውን በዝርዝር ልንገራችሁ። እያንዳንዱ አጥማጅ ያስመዘገበው የራሱ ቀለም አለው፤ ለምሳሌ ከላይ ብርቱካንማ፣ መካከሉ ነጭ፣ ታቹ ጥቁር። በውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ምልክቱ ሁሉ በዚያ ቀለም የተቀባ ነው፤ በጀልባውም ላይ ያንኑ ማሳየት ግዴታው ነው። ልጆቻችሁ ባሕሩ ላይ የሚታየውን ቀለም ከየትኛው ጀልባ ጋር እንደሚገጥም ይፈልጉ፤ የእኔ ልጆች ግማሽ ቀን በዚህ ውለዋል። አንድ ሰው ሊኖረው የሚችለው ቢበዛ 800 ወጥመድ ነው። የተያዘው ሎብስተር ከዓይኑ ጉድጓድ እስከ ጀርባው ቅርፊት መጨረሻ ይለካል፤ ከ3 ኢንች ከሩብ ያነሰውም ከ5 ኢንች የበለጠውም ወደ ባሕር ይመለሳል። እንቁላል የተሸከመች እናት ከተያዘች ጅራቷ ላይ እንደ «ቪ» ፊደል ያለ ምልክት ተቆርጦላት ትለቀቃለች። ከዚያ በኋላ እንቁላል ባይኖራትም ምልክቱን ያየ ሌላ አጥማጅ ሊወስዳት አይችልም። አንድ ሽማግሌ አጥማጅ በብጫ ጓንቱ ባዶ መለኪያውን ይዞ ይህን ሲያስረዳኝ፣ ዘር የያዘችን በግ አላርድም ይል የነበረው አያቴ ትዝ አለኝ።

ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31 ባለው ጊዜ ከቅዳሜ 10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሰኞ ንጋት ወጥመድ ማውጣት አይፈቀድም። ሥራውን ማየት ከፈለጋችሁ በአዘቦት ቀን ሂዱ። ጀልባዎቹ ሁሉ በጸጥታ ታስረው፣ ቀለማቸው ውኃው ላይ ሲንጸባረቅ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ድምፅ አታብዙ፤ የመኪና ሙዚቃ ዝጉ። ቤቶቹ ለውኃው የቀረቡ ናቸው፤ ማለዳ የሚነሣው ሰውም ገና ጀምበር ሳትጠልቅ ይተኛል።

ከቻላችሁ እዚያው ግዙ። ሎብስተር ባትበሉ እንኳ ዓሣም፣ ቡናም፣ ዳቦም አለ።

7. ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን

ፖርት ክላይድ ከቶማስተን በቁጥር 131 ይወረዳል። በሴፕቴምበር 2023 የተነሣ እሳት የወደቡን ዳር ከፊሉን አቃጥሎታልና፣ የግንባታ ሥራ ካገኛችሁ ለሠራተኞቹ መንገድ ልቀቁ። ማርሻል ፖይንት የተባለው ማማ ከመንደሩ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው ያለው። አጭር ነጭ ማማ ሲሆን በእንጨት መሸጋገሪያ ከመሬቱ ጋር ይገናኛል። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሂዱ።

ከዚያ ወደ ሮክላንድ። እዚህ ከወደቡ አፍ ተነሥቶ ወደ ባሕሩ የሚገባ የግራናይት ግድግዳ አለ። ከ1881 እስከ 1899 የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር ያህል ነው። ጫፉ ላይ በ1902 የተሠራ የመብራት ቤት ተቀምጧል። በግድግዳው ላይ በእግር መሄድ ይቻላል፤ መደገፊያ ብረት ግን የለውም፣ በድንጋዮቹም መካከል እግር የሚያስገባ ክፍተት አለ። ንፋስ ከበረታ ወይም ማዕበል ጫፉን ሲያረጥብ ካያችሁ ተመለሱ። ለደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል መድቡ፤ መጸዳጃ ቤትም አስቀድማችሁ ተጠቀሙ። ዝናብ ከሆነ ከተማው ውስጥ ያለው የሜይን የመብራት ማማዎች ሙዚየም አለ፤ የፍሬኔል መስታወቶች ስብስቡ ቀኑን አያስቆጭም።

ማታ ከሮክላንድ ዳርቻ ወደ ባሕሩ ተመልከቱና ቁጠሩ። የግድግዳው ጫፍ መብራት በየ5 ሴኮንዱ ብልጭ ይላል። የፔማክዊዱ በየ6 ሴኮንዱ፣ ከፖርትላንድ አጠገብ ያለው የፖርትላንድ ሄድ ማማ ደግሞ በየ4 ሴኮንዱ ነው። መርከበኛው በጨለማ የት እንዳለ የሚያውቀው በዚህ ነው፤ ማማዎቹ ቀን በቀለማቸው፣ ሌሊት በአቆጣጠራቸው ይለያሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያላችሁ ከልጆቹ ጋር ስትቆጥሩ ማማው በስሙ የሚጠራችሁ ይመስላችኋል።

ስቶኒንግተን በዲር አይል ደሴት ጫፍ ላይ ያለ ከተማ ነው። ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው በ1939 የተከፈተው ተንጠልጣይ ድልድይ ጠባብና መካከሉ ጉብ ያለ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ እለፉ። በሜይን ብዙ ሎብስተር የሚወርድበት ወደብ ይህ ነው። እዚህ ለመታየት የተሰናዳ ነገር የለም፤ ሥራው ነው ትዕይንቱ። አንድ አግዳሚ ወንበር ፈልጋችሁ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ።

8. ሉቤክ፦ ስልካችሁን አትመኑ

ከስቶኒንግተን ሉቤክ ሦስት ሰዓት ያህል ይነዳል። ከከተማው ወጣ ብሎ በዌስት ክዎዲ ሄድ ላይ ቀይና ነጭ መስመር የለበሰ ማማ ቆሟል። የመጀመሪያው በ1808 ተተከለ፤ የአሁኑ የ1858 ነው። ከአላስካና ከደሴቶቹ ውጭ ያለው የአሜሪካ መሬት ወደ ምሥራቅ የሚያልቀው እዚህ ነው። መስመሮቹ 15 ናቸው፤ ቀዮቹ 8፣ ነጮቹ 7።

ሁለት ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። የመጀመሪያው ስለ ሰዓት ነው። ማዶው ካናዳ ስለሆነ ስልካችሁ የካናዳን ኔትወርክ ሊይዝና ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ሊገፋው ይችላል። የባሕሩን ሠንጠረዥ በተሳሳተ ሰዓት ማንበብ ምን እንደሚያመጣ ተናግሬአለሁ። ሰዓቱን በእጃችሁ አስተካክላችሁ አስሩት፣ የውጭ አገር ዳታውንም ዝጉ፤ አለዚያ ሂሳቡ ቤታችሁ ድረስ ይከተላችኋል።

ሁለተኛው ስለ ድልድዩ ነው። ከሉቤክ መሐል ወደ ካምፖቤሎ ደሴት የሚያሻግረው አጭር ድልድይ ድንበር ነው። የካርታ መተግበሪያው ሳያስጠነቅቅ ወደዚያ ሊመራችሁ ይችላል። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ያልያዘ ሰው አይሻገር። የጥገኝነት ወይም የመኖሪያ ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ወገናችን ደግሞ፣ ደሴቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጠበቃውን ሳያማክር ጎማውን ድልድዩ ላይ አያሳርፍ። ከአሜሪካ መውጣት በራሱ ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። ደሴቱ ከዚህኛው ዳር በደንብ ይታያል።

ሉቤክ አድራችሁ በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ከተማው ውኃ ዳር ውረዱ። በጁን መጨረሻ ፀሐይ ከ11 ሰዓት በፊት ትወጣለች፤ በሴፕቴምበር አጋማሽ ከ12 በኋላ ነው። በጠባቡ መተላለፊያ ውኃው እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ ሲያልፍ ታዩታላችሁ፤ ሲሞላ ወደ አንድ ወገን፣ ሲሸሽ ወደ ሌላው። ሁለቱ አቅጣጫዎች ሲቀያየሩ ለጥቂት ደቂቃ ውኃው ጸጥ ብሎ ይቆማል። ሠንጠረዡን አይታችሁ ያችን ደቂቃ ጠብቁ። በዚያን ጊዜ ክብ ራስ ከውኃው ብቅ ካለ «ሲል» የተባለው የባሕር እንስሳ ነውና፣ ለልጆቹ በጣታችሁ ጠቁሙላቸው።

ለመመለሻው ማቻያስ ላይ ነዳጅ ሙሉ። ከዚያ ወደ ሰሜን ወጥታችሁ የምትይዙት፣ ወደ ባንጎር የሚወስደው ቁጥር 9 በጫካ መካከል የሚያልፍ ረጅም መንገድ ነው፤ ማደያው ጥቂት፣ ሙዙ ብዙ ነውና ሳይመሽ ተሻገሩት።